ኮሶዬ አካባቢ ድኩላ መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ የትኛው ካሜራ ይሻላል? እንዴትስ ይተከላል?

ኮሶዬ_ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው። የአባቴ አገር ግን ኮሶዬ ማዶ ነው፣ በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአያቴ ማሳ ግርጌ የቤተ ክርስቲያን ደን አለ። ጥድና ወይራ ነው፣ አልፎ አልፎ ኮሶ። ከደኑ በታች ገደል ነው፣ ገደሉም ቁጥቋጦ ለብሷል። እኛ ቤት ታዲያ አንድ ክርክር አለ፣ ዓመት መጣ ዓመት ሄደ አያልቅም። አያቴ "ድኩላ ዛሬም ደኑ ውስጥ አለ፣ ሌሊት ወጥቶ ባቄላዬን የሚቀነጥሰው እሱ ነው" ይላሉ። አጎቶቼ ደግሞ "ድኩላ ከጠፋ ቆየ፣ ይሄ የጃርት ሥራ ነው፣ ካልሆነም ሚዳቋ ነው" ባይ ናቸው።

እኔ መልሱን በፎቶ ማየት እፈልጋለሁ። ለአደን እንዳይመስላችሁ። ድኩላው ካለ ለሰበካ ጉባኤው አሳይቼ ከብት ደኑ ውስጥ እንዳይገባ ማስወሰን ነው ሐሳቤ። ሥር ሥሩ የሚበቅለው ችግኝ በሙሉ በከብት እየተበላ ነው። ትልልቁ ዛፍ ሲያረጅ የሚተካው የለም። ስለ ችግኙ ብዙ ተናግረናል፣ ሰሚ አላገኘንም። "የአባቶቻችን ድኩላ አሁንም አለ" ተብሎ ፎቶው ሲታይ ግን ሰው ይነሳሳል ብዬ አምናለሁ።

ለፋሲካ ከአሜሪካ የሚገባ ዘመድ አለኝ፣ ካሜራውን ይዞልኝ ይመጣል። እንስሳ ሲያልፍ ራሱ የሚያነሳውን ማለቴ ነው፣ ዛፍ ላይ የሚታሰረውን። ኢንተርኔት ላይ ሳየው ግን ግራ ገባኝ። አንዱ 48 ሜጋፒክስል ይላል፣ ሌላው 4ኬ ቪዲዮ፣ ሌላው ሲም ካርድ ይገባበታል፣ ሌላው ሶላር አለው። የምሩን የሚያስፈልገኝ የትኛው ነው? የት ጋ ይታሰራል? የባትሪ ድንጋዩስ? እንዳይሰረቅስ ምን ይደረግ? የሞከረ ሰው ካለ በዝርዝር ቢነግረኝ ውለታው አይረሳኝም።

ጎንደሬው_በቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ያደግኩት አዘዞ ነው፣ አሁን ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። እዚህ አጋዘን አድናለሁ፣ ፈቃድ አውጥቼ በወቅቱ፣ እና ካሜራ የማስረው አጋዘኑ በየት በየት እንደሚሄድ ቀድሞ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ስለ ካሜራው የምነግርህ በእጄ የያዝኩትን ነው። ስለ ድኩላ ደግሞ እዚያው ያሉት ይንገሩህ።

መጀመሪያ ሜጋፒክስሉን እርሳው። እነዚህ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ ትንሽ ነው፣ ትክክለኛ አቅሙ ጥቂት ሜጋፒክስል ብቻ ነው። 30 ወይም 48 የሚለው ሶፍትዌሩ ፎቶውን ለጥጦ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ፋይሉ ይከብዳል፣ ሚሞሪው ቶሎ ይሞላል፣ ዝርዝር ግን አይጨምርም። ካሜራው ዝቅ ያለ አማራጭ ካለው እዚያ ላይ አድርገው።

ማየት ያለብህ ፍጥነቱን ነው። እንስሳው ካሜራው ፊት ከገባበት ቅጽበት እስከ መጀመሪያው ፎቶ ምን ያህል ይፈጃል? ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከአንድ ሰከንድ ካለፈ የምታገኘው ጅራት ነው፣ ወይም ባዶ ጫካ። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው፣ አንድ ፎቶ አንስቶ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ። አንዳንዱ ርካሽ ካሜራ አንዴ አንስቶ ረጅም ሰከንድ ይተኛል። እናት አልፋ ግልገሏ ከኋላ ሲከተል ግልገሉን አታገኘውም ማለት ነው።

ሦስተኛው የሌሊቱ መብራት ነው። ሁለት ዓይነት ኢንፍራሬድ አለ። 850 ናኖሜትር የሚባለው ራቅ ብሎ ያበራል፣ ፎቶው ጥርት ይላል፣ ግን ሲያነሳ ቀላ ያለ ፍም የሚመስል ነጥብ ይታያል። 940 የሚባለው ለሰው ዓይን አይታይም፣ ርቀቱ ግን ያንሳል፣ ፎቶውም ትንሽ ይሻክራል። አንተ ያለህበት ሰው የሚመላለስበት ደን ስለሆነ 940 ውሰድ። በሌሊት መብራት አይቶ የሚመጣ ሌባ አይኖርም።

ሲም ያለው ይቅርብህ። ዋጋው ይጨምራል፣ እዚህ የሚሸጠው እዚህ አገር ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ ተብሎ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ ደግሞ ከተራው ካሜራ የተለየ ጥቅም የለውም። ሶላሩም ጥቅጥቅ ካለ ደን ሥር ፀሐይ አያገኝም።

ስለ ባቄላው አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው እስኪመጣ አትጠብቅ፣ የተበላውን ግንድ ጎንበስ ብለህ እየው። አጋዘን የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፣ ስለዚህ ቅጠልና ቀንበጥ ሲበላ ቀድዶ ነው የሚወስደው፣ ጫፉ የተበጣጠሰ ይሆናል። ድኩላና ሚዳቋም እንደዚያው ናቸው። ጃርት ግን ከላይም ከታችም ስለታም ጥርስ ስላለው በቢላ የተቆረጠ ያህል ጥርት አድርጎ ነው የሚቆርጠው። እዚህ ጥንቸል ይሁን አጋዘን አትክልታችንን የበላው የምንለየው በዚህ ነው። በመስከረም ባቄላው ሲያምር ማሳው ውስጥ ግባና እየው፣ ከአጎቶችህ ጋር ያለው ክርክር ግማሹ እዚያው ያልቃል።

ቴዎድሮስ_ካምፓስ፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የተማርኩ ነኝ፣ በእነዚህ ካሜራዎች መስክ ላይ ሠርቻለሁ። አተካከሉ ላይ ላተኩር፣ ምክንያቱም ጥሩ ካሜራ በመጥፎ ቦታ ከመጥፎ ካሜራ አይሻልም።

ካሜራው እንስሳውን "አያይም"። የሚሰማው ሙቀት ነው፣ በእንስሳው ገላና ከጀርባው ባለው ነገር መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ሲንቀሳቀስ ይይዘዋል። ስለዚህ እንስሳ በጎን ሲያቋርጥ በደንብ ይሠራል፣ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ሲመጣ ግን ይዘገያል። ግን በጎን የሚያቋርጥ ደግሞ ቶሎ ከፎቶው ይወጣል። መፍትሔው ካሜራውን ለመንገዱ ሰያፍ ማድረግ ነው፣ 45 ዲግሪ ገደማ። ከመንገዱ ያለው ርቀት ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሁን።

ከፍታው ከጉልበትህ በላይ ከወገብህ በታች፣ 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሚዳቋም እንዲያዝ ከፈለግህ ትንሽ ዝቅ አድርገው። ሰው እንዳይደርስበት ብለው ከፍ አድርገው የሚሰቅሉ አሉ፣ ያኔ የምታየው ጀርባ ብቻ ነው። ካሰርከው በኋላ የመሞከሪያ ሁነታውን አብራና በአራት እግርህ ፊቱ እለፍ። ትንሿ መብራት ብልጭ ካለች ይዞሃል። ከፊቱ ያለውን ሣርና ቅርንጫፍ አጽዳ። ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ ፀሐይ ካሞቀው ካሜራው እንስሳ ይመስለዋል፣ ሚሞሪው በባዶ ፎቶ ይሞላል።

አቅጣጫው ላይ ፈረንጆቹ "ሁልጊዜ ወደ ሰሜን አዙረው" ይላሉ። እነሱ አገር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነን። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት፣ ያኔ ወደ ሰሜን ማዞሩ ይሠራል። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ግን እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ አንተ ጋ ዋናው ነገር ምሥራቅና ምዕራብን መሸሽ ነው፣ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ሌንሱ ውስጥ ገብታ ፎቶውን ነጭ ታደርገዋለች። ድኩላ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ በተለይ በዚያ ሰዓት ነው፣ ማለዳና ምሽት፣ ከዚያ ሌሊቱን።

ለፋሲካ ከመጣልህ ባቄላ ማሳ ላይ አትሰረው፣ ያኔ ማሳው ባዶ ነው። በደረቁ ወቅት እንስሳው ወደ ውኃ ነው የሚያመራው። ከደኑ በታች ገደሉ ሥር ውኃ የሚያቆር ቦታ ካለ ወደዚያ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ፈልግ። በጠጠር መሰል ፋንድያው፣ በኮቴው፣ በተቀነጠበው ቁጥቋጦ ታውቀዋለህ። ድኩላ ሜዳ አይወድም፣ ሁልጊዜ መሸሸጊያ አጠገቡ ነው። ሲደነግጥ የሚያሰማው ድምፅ የውሻ ጩኸት ይመስላል፣ አያትህ ይህን ሰምተው ከሆነ ጠይቃቸው፣ ትልቅ ምልክት ነው።

ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙላው። ምክንያቱ ይሄ ነው። ኮሶዬ ላይ ቀን ቀን የጭላዳ መንጋ አለ። ካሜራውን ቀኑን ሙሉ ከተውከው በጭላዳ ፎቶ ይሞላል። ብዙዎቹ ካሜራዎች "ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ሥራ" ማለት ይቻላል። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ከፈለግህ ከ17፡00 እስከ 9፡00 ብለህ ታስገባለህ። በእኛ ሰዓት ከ11፡00 እስከ 3፡00 ብለህ ከሞላኸው ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ጭላዳውን ሲያነሳ ይውላል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ተኝቶ ማለዳው ያመልጠዋል።

ኮሶዬ_ማዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ስለ ጩኸቱ አያቴን በስልክ ጠየቅኳቸው፣ "ታዲያ እንዴት ይጮህ ኖሯል?" ብለው ራሳቸው በአፋቸው አሰሙኝ። ከገደሉ በታች ምንጭ አለ። ችግሩ ሴቶች ውኃ የሚቀዱት ከዚያው ነው።

ድንጋዩን በተመለከተ ቅዳሜ ገበያ የሚሸጠው ይሠራል? ሚሞሪውስ ስንት ይሁን? እንደው አንድ ድኩላ ብቻ ይሁን ብዙ በፎቶ መለየት ይቻላል?

ደባርቄ፦

አስጎብኚ ነኝ፣ ብዙ ጊዜዬ ስሜን ፓርክ ውስጥ ነው። ስለ ካሜራው እነሱ ነግረውሃል። እኔ ስለ ሰዉ ልንገርህ፣ ይሄ ከሁሉም በላይ ነው።

በመጀመሪያ ምንጩ አጠገብ በፍጹም እንዳታስር። ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይታጠባሉ። አንድ ሰው ሳያውቅ በካሜራ ቢነሳ፣ ያውም እናቶችና እህቶች፣ አገሩን በሙሉ ታስቀይማለህ፣ መቀየማቸውም ልክ ነው። ከምንጩ ወርዶ የሚፈሰው ውኃ ሰው የማይሄድበት ጥግ ላይ የሚቆምበት ቦታ ይኖራል፣ እሱን ፈልግ። በስህተት የሰው ፎቶ ከገባ እዚያው አጥፋው፣ ለማንም እንዳታሳይ።

ሁለተኛ፣ አሁን ያለንበትን ጊዜ ታውቀዋለህ። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የታሰረ መሣሪያ ያየ ሰው ድኩላ አይደለም የሚታሰበው። ላንተም ለአያትህም አደጋ ነው። ስለዚህ ሳታስር በፊት ቄሰ ገበዙን አነጋግር፣ በሰበካ ጉባኤው ፊት ካሜራውን አውጥተህ አሳይ፣ እንዴት እንደሚሠራ እነሱን ራሳቸውን አንስተህ አሳያቸው። ከዚያ ለቀበሌው አሳውቅ፣ የሚቻል ከሆነ በጽሑፍ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ቢነገር ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ካሜራው ላይ "የእንስሳት ፎቶ ማንሻ ነው፣ ሰበካ ጉባኤው ያውቀዋል" ብለህ በአማርኛ ጽፈህ ለጥፍበት። እረኞቹን አትርሳ። ደኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ የድኩላውን መንገድ የሚያሳዩህም እነሱ ናቸው፣ ካሜራውን የሚጠብቁልህም እነሱ ናቸው። አንተ ሳታማክራቸው ካሰርከው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያገኙት።

ሕጉንም ልጥቀስ፣ ሌላ አንባቢ ስለሚኖር። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ፣ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ፓርክ ውስጥ ካሜራ ለማሰር ከፈለግህ ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳያውቅ አይሆንም። የአንተ ከፓርክ ውጭ ስለሆነ ጉዳዩ ከቤተ ክርስቲያኑና ከቀበሌው ጋር ነው።

እንዳይሰረቅ ከማሰሪያው በተጨማሪ የብረት ገመድ ከነቁልፉ ግዛ። ጅብም ፕላስቲክ ማኘክ ይወዳል። ጎንደር ያሉ ብየዳ ቤቶች ልኩን ከሰጠሃቸው ከላሜራ ሳጥን ይሠሩልሃል፣ ሌንሱና ሴንሰሩ ጋ ቀዳዳ ይተዉለታል።

መተማ_ሰሊጥ፦

እኛ ቆላ ስለሆንን አንድ ነገር ልበል። እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፣ መሬቱና ድንጋዩ ከእንስሳው ገላ እኩል ይሞቃል፣ ካሜራው ቀን ቀን ምንም አይይዝም። ስለዚህ እኛ ጋ የካሜራውን ስሜት፣ ማለትም የሙቀት ልዩነት የመለየት ንቃቱን፣ ከፍተኛው ላይ ነው የምናደርገው። አንተ ጋ ብርድ ስለሆነ መካከለኛው ይበቃሃል።

"ፎቶ ምን ያደርጋል" ለሚሉህ አጎቶችህ ደግሞ ቋራ ያለውን አላጥሽ ፓርክ ንገራቸው። አንበሳ መኖሩን የአገሩ ሰው ያውቅ ነበር፣ ሲናገር ግን ዓለም አልሰማውም። በ2008 ዓ.ም. ዶክተር ሃንስ ባወር የመሩት ቡድን ካሜራ አስሮ የአንበሳ ፎቶና ኮቴ ይዞ ሲወጣ ነው ወሬው በዓለም የተዳረሰው። የአያትህም ነገር እንደዚያው ነው።

ቴዎድሮስ_ካምፓስ፦

የመተማው ወንድማችን ጥሩ ምሳሌ አመጣ። ለሰበካ ጉባኤው አንድ ተጨማሪ ነገር ንገራቸው፦ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እስከ ጎንደርና ስሜን መጥቶ ነበር። ዋልያን፣ ጭላዳንና የእኛን አገር ድኩላ በ1835 ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ደናቸው ውስጥ ያለው ቀላል እንስሳ አይደለም።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፦ ድንጋዩን ከጎንደር አትግዛ፣ ከካሜራው ጋር አብሮ ይምጣልህ። ቻርጅ የማይደረገው ሊቲየም ድንጋይ ነው የሚሻለው። ብርድ አይገድለውም፣ ለወራት ይቆያል፣ ጉልበቱም እስከ መጨረሻው አይወርድም። ተራው አልካላይን ሲዳከም መጀመሪያ የሚጠፋው የሌሊቱ መብራት ነው። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ስለሆነ አንዳንዱ ካሜራ ገና ከጅምሩ "ባትሪ አልቋል" ይላል፣ መመሪያው ከፈቀደ ብቻ ተጠቀመው። አሮጌና አዲስ አታቀላቅል። ቪዲዮውን ተወው፣ ሌሊት ድንጋይ ይጨርሳል። ሦስት ሦስት ፎቶ በተከታታይ እንዲያነሳ አድርግ። ሚሞሪው 32 ጊጋ ይበቃል፣ ሁለት ይኑርህ፣ አንዱን አውጥተህ ሌላውን ትተካለህ። ፎርማት የምታደርገው ካሜራው ውስጥ እንጂ ስልክህ ላይ አይደለም።

መለየት ይቻላል ወይ ላልከው፣ ይቻላል፣ የድኩላ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ጎኑ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦችና ሰረዞች ከአንዱ አንዱ ይለያያሉ። ቀኝ ጎኑና ግራ ጎኑም አይመሳሰልም፣ ስለዚህ ከቀኝ የተነሳውን ከቀኝ ጋር ብቻ አስተያይ። ወንዱ ቀንድ አለው፣ ሴቷ የላትም።

ጎንደሬው_በቨርጂኒያ፦

ይሄ ከእኛ ይሻላል። እዚህ ወንዱን አጋዘን የምንለየው በቀንዱ ነው፣ ቀንዱ ደግሞ በየዓመቱ ይወድቅና ሌላ ይበቅላል፣ በዓመቱ ያው እሱ ይሁን ሌላ ያከራክረናል። የድኩላ ቀንድ አይወድቅም፣ ነጠብጣቡም አለልህ።

አንድ ምክር ልጨምር። ቶሎ ቶሎ እየሄድክ አትየው። ሰው በተመላለሰ ቁጥር ሽታው ይቀራል፣ እንስሳውም መንገድ ይቀይራል። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ያውም እኩለ ቀን ላይ ሂድ። ካሜራ ያለ አግባብ ሲበዛ እንስሳን መጉዳቱም አልቀረም። የአሪዞና ግዛት ከ2022 ጀምሮ ለአደን ሲባል ካሜራ ማሰርን ጭራሽ ከልክሏል። ያንተ ዓላማ ሌላ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የጻፍኩልህ። ለዘመድህ የምርጫ ዝርዝር ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እሱ ያለበት ግዛት የሚገኘውን አይቼ እነግርሃለሁ።

ኮሶዬ_ማዶ፦

በእውነት አመሰግናለሁ። ወስኛለሁ፦ 940፣ ፍጥነቱ ከግማሽ ሰከንድ በታች የሆነ፣ ሲም የሌለው፣ ሊቲየም ድንጋይ፣ ሁለት ሚሞሪ። ካሜራው ሳይመጣ በፊት ቄሰ ገበዙን አነጋግራለሁ፣ ከእረኞቹ ጋርም ወንዙን ወርጄ አያለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ሁለት ወር አስሬ ድኩላ ካልመጣ፣ የለም ማለት ነው?

ቴዎድሮስ_ካምፓስ፦

አይደለም። ፎቶ መኖር "አለ" ያስብላል፣ ፎቶ ማጣት ግን "የለም" አያስብልም። አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ተወው፣ ከዚያ ወደ ሌላ መንገድ አዙረው። ክረምት ሲገባ አውልቀው፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ የሌሊቱን ፎቶ ነጭ ያደርገዋል፣ እርጥበቱም ውስጡ ይገባል። ጉንዳን እንዳይሰፍርበትም ክዳኑን በከፈትክ ቁጥር እየው። በመስከረም መጨረሻ ባቄላው ሲያፈራ መልሰህ ማሳው ዳር እሰረው። የት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳሰርክ በደብተር ጻፍ፣ ሰበካ ጉባኤው ሲጠይቅህ ከፎቶው ጋር እሱንም ታቀርባለህ።